«ጋሼ፣ ፀሐይዋ የለችም!»

ኅዳር ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ደብረ ብርሃን ውስጥ ለሳይንስ ክበብ ተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለወላጆች፣ ፀሐይን የሚከተል ትንሽ የቴሌስኮፕ መቆሚያ ስለመምረጥ የተናገርኩት ነው። ስጽፈው ትንሽ አሳጥሬዋለሁ። ከመሀል የተጠየቅሁትንም በየቦታው አስገብቻለሁ።

እንደምን አደራችሁ! ብርዱን ችላችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ጋቢ የለበሳችሁ እንዳታወልቁት፤ በኋላ ለሥራ እንፈልገዋለን።

በራሴ ውርደት ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት የፊት መስታወቷ ስፋት 70 ሚሊ ሜትር የሆነ ትንሽ ቴሌስኮፕ ይዤ አንድ ትምህርት ቤት ሄድኩ። የፀሐይ ፊልተር ገጠምኩና ሜዳው ላይ አቆምኳት። ወደ 40 ልጆች ተሰለፉ። የመጀመሪያዋ ልጅ አየችና ጮኸች። ሁለተኛው አየ፤ እሱም ተደሰተ። ሦስተኛው ዓይኑን አስጠግቶ ትንሽ ቆየና «ጋሼ፣ ፀሐይዋ የለችም!» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ሄዳለች። መለስኩለት። አምስተኛዋ ልጅ ስትደርስ እንደገና ሄደች። ያን ጠዋት ሙሉ ያሳለፍኩት እንዳመለጠች ጥጃ ፀሐይን እየመለስኩ ነው። ስለ ፀሐይ አንዲት ነገር ሳላስተምር ሰዓቱ አለቀ።

ምን ሆነ? ስሌቱ ቀላል ነው። ፀሐይ በሰማይ ላይ በሰዓት 15 ዲግሪ ትሄዳለች። እርግጥ የምትዞረው ምድር ናት፤ ዓይናችን የሚያየው ግን ፀሐይ ስትሄድ ነው። የፀሐይ ስፋት ግማሽ ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ በየ2 ደቂቃው የራሷን ስፋት ያህል ትሸሻለች። ቴሌስኮፑ የሚያሳያችሁ የሰማይ ክፍል 1 ዲግሪ ስፋት አለው እንበል። ፀሐይን መሀል ላይ አድርጋችሁ ብትተዉት በ1 ደቂቃ ጠርዙን ትነካለች። በ3 ደቂቃ ደብዛዋ ይጠፋል።

ለዚህ ነው የሚከተል ማውንት የሚያስፈልገው። ማውንት ማለት ቴሌስኮፑ የሚቀመጥበት፣ ከትራይፖዱ፣ ማለትም ከባለ ሦስት እግሩ መቆሚያ፣ በላይ ያለው የሚዞረው አካል ነው። የሚከተለው ዓይነት ሞተር አለው። እናንተ እጃችሁን ኪሳችሁ ከትታችሁ ስታወሩ እሱ ፀሐይን ይዞ ይቆያል። ዛሬ የማወራው ትንሹን፣ በአንድ እጅ የሚነሳውን፣ በሚኒባስ ጭናችሁ አንኮበር ወይም መሐል ሜዳ ከተማ የምትወስዱትን ማውንት ስለመምረጥ ነው።

መጀመሪያ ግን ስለ ዓይን። ፊልተሩ የሚገጠመው በቴሌስኮፑ አፍ ላይ፣ ብርሃኑ ከሚገባበት ወገን ነው። እንደ ባደር አስትሮሶላር ያለው ለዓይን የተሠራ ፊልም የሚያሳልፈው ከብርሃኑ መቶ ሺህ አንዱን ብቻ ነው። የራጅ ፊልም፣ በጥላሸት የጠቆረ መስታወት፣ ሲዲ፣ እነዚህን እርሱ። የግርዶሽ መነጽር አድርጎ በቴሌስኮፕ ማየትም አይሞከርም። ድሮ ከርካሽ ቴሌስኮፖች ጋር የሚመጣ፣ ዓይን ከሚጠጋበት ወገን የሚጠለፍ ጥቁር መስታወት ነበር። አንድ ሰው በስጦታ የሰጠኝ ቴሌስኮፕ ውስጥ አገኘሁትና ገጠምኩት። ጥቂት ቆይቶ «ጧ» አለ። ከሙቀቱ የተነሳ ለሁለት ተሰንጥቋል። ዓይኔ እዚያ አልነበረም። ወረቀት ላነሳ ጎንበስ ብዬ ነበር።

የሚከተል ማውንት ደግሞ የራሱ አደጋ አለው፤ ብዙ ሰው አያስበውም። ሞተር የሌለው ቴሌስኮፕ ቢረሳ ፀሐይ ራሷ ትታው ትሄዳለች። ሞተር ያለው ግን አይለቃትም። የደብረ ብርሃን ንፋስ ፊልተሩን ቢነጥቀው፣ ቴሌስኮፑ እንዳነጣጠረ ይቆይና ቀጥሎ የሚመጣውን ልጅ ዓይን ይጠብቃል። ስለዚህ ፊልተሩን በፕላስተር ዙሪያውን እሰሩት። ለሻይ ስትሄዱ ቴሌስኮፑን ወደ መሬት አዙሩት፣ ወይም ክዳኑን ግጠሙበት። ጎኑ ላይ ያለችውን ትንሽ ማነጣጠሪያም ንቀሉና ኪሳችሁ ክተቱ። ያለሷ እንዴት እናነጣጥር ካላችሁኝ፣ የቱቦውን ጥላ እዩ። ጥላው አጥሮ አጥሮ ክብ ሲሆን ፀሐይ ከፊታችሁ ናት።

አሁን ወደ ማውንቱ። ዘሩ ሁለት ነው።

አንደኛው ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይዞራል። ሁለት ሞተሮች አሉት፤ በስልክ ወይም በእጅ መቆጣጠሪያ ይታዘዛል። ከትንንሾቹ የሚታወቀው የስካይ ዋቸር ኤዜድ-ጂቲአይ ነው። እስከ 5 ኪሎ ይሸከማል። በ8 ትንንሽ ባትሪዎች ወይም በ12 ቮልት ይሠራል። የራሱን ዋይፋይ ስለሚያወጣ ኢንተርኔት ቢቋረጥም ግድ የለውም።

ሁለተኛው አንዱ ዘንጉ ከምድር ዘንግ ጋር ትይዩ ሆኖ የሚቀመጠው ነው። ምድር ወደ ምሥራቅ ስትዞር እሱ በዚያው ፍጥነት ወደ ምዕራብ ይዞራል። አንድ ሞተር ይበቃዋል፣ ኮምፒውተርም አያስፈልገውም። የፎቶ ሰዎች የሚወዱት ስታር አድቬንቸረር የዚህ ወገን ነው። እሱም 5 ኪሎ ገደማ ይችላል፤ ከፓወር ባንክም ይሠራል። መብራት በሚጠፋበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሶላር ክዌስት የሚባል ለፀሐይ ብቻ የተሠራ ሦስተኛ ዓይነትም አለ። ስታበሩት ፀሐይን ራሱ ፈልጎ ያገኛል። ደስ ይላል። ግን ማታ ጨረቃን ላሳይበት ብትሉ አይሆናችሁም። እኔ በበኩሌ ገንዘብ ቢተርፈኝ እንኳ መጀመሪያ አልገዛውም።

እስካሁን ያልኩት የትም አገር ይሠራል። ሰሜን ሸዋ ላይ ግን ሰማዩ ሌላ ጠባይ አለው፤ የውጭ አገር መመሪያ ስታነቡ የሚያሳስታችሁም እዚህ ላይ ነው።

ደብረ ብርሃን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9.7 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ከአንኮበር እስከ መሐል ሜዳ ያለው ልዩነት አንድ ዲግሪም አይሞላ። ይህ ማለት የሁለተኛው ዓይነት ማውንት ዘንግ ከአግድም 10 ዲግሪ ያህል ብቻ ቀና ይላል። አውሮፓ ውስጥ በተነሳ ፎቶ ላይ ዘንጉ ሽቅብ ወደ ሰሜን ሰማይ ቆሞ ታያላችሁ። እኛ ጋ ግን ተኝቶ ነው የሚሠራው። የመጀመሪያ ቀን ሳቆመው ያየ ጓደኛዬ «ተሰብሮብሃል እንዴ?» ብሎኛል።

ከመግዛታችሁ በፊት ታዲያ ይህን ጠይቁ፦ ዘንጉ እስከ ስንት ዲግሪ ይወርዳል? ከ15 ወይም ከ20 በታች የማይወርዱ አሉ። እነሱ ለእኛ አይሆኑም። ከትራይፖዱ አንዱን እግር አሳጥሮ ማጋደል ይቻላል፤ ግን የተጋደለ ትራይፖድ ላይ ሕፃን ይደገፍበታል፣ ከዚያ የሚሆነውን ታውቃላችሁ። ሌላም አለ። ዘንጉ ሲተኛ፣ ቴሌስኮፑን ከወዲያኛው ወገን የሚያመዛዝነው ማመጣጠኛ ክብደት ጠዋት ጠዋት ወደ ታች ይንጠለጠልና የትራይፖዱን እግር ይመታል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ አንዱን እግር ወደ ደቡብ አድርጉት። ሁለቱ ወደ ሰሜን ይከፈታሉ፣ ክብደቱም በመሀላቸው ያልፋል።

የመጀመሪያው ዓይነትስ ችግር የለበትም? አለበት፤ በዓመት ሁለት ጊዜ። ሚያዝያ 7 እና ነሐሴ 22 አካባቢ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ በትክክል ከአናታችን በላይ ናት። ሚያዝያ 7 ቀትር ላይ ደብረ ብርሃን አደባባይ ላይ ብትቆሙ ጥላችሁ ከጫማችሁ ሥር ነው። ወደ ግራና ቀኝ የሚዞረው ማውንት ይህን ይጠላል። ጠዋቱን ሙሉ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ዝም ብሎ ሽቅብ ሲወጣ ይቆይና፣ ፀሐይ አናት ላይ ስታልፍ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ወደ ምዕራብ መዞር አለበት። አይደርስባትም። የቱቦው ጭራም ከትራይፖዱ እግር ጋር ይጋጫል። በእነዚያ ሳምንታት ከ6 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት ቡና ጠጡ፤ እኔ የማደርገው ይህንን ነው። የነሐሴውማ ደመናው ራሱ ይገላግላችኋል።

እግረ መንገዴን፦ በእነዚህ ሁለት ቀኖች መካከል፣ ማለትም ክረምቱን አብዛኛውን፣ የእኩለ ቀን ፀሐይ ከእኛ በስተሰሜን ናት። «ፀሐይን በደቡብ በኩል ፈልግ» የሚል መመሪያ ካነበባችሁ ለእኛ አልተጻፈም ማለት ነው።

አንድ መምህር እጃቸውን አውጥተው ጠየቁኝ። «የሰሜን ኮከብ በቀን አይታይ፤ ታዲያ ዘንጉን በምን ወደ ሰሜን እናስተካክለዋለን?» አሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው። የሰሜን ኮከብ በሌሊትም ቢሆን እዚህ ከአድማሱ 10 ዲግሪ ብቻ ከፍ ስለሚል ቤትና ዛፍ ይጋርደዋል። የስልክ ኮምፓስ ከማውንቱ ብረት አጠገብ ይዋሻል።

እኔ ከግንበኞች ነው የተማርኩት። ቱንቢ አንጠልጥሉ። ፀሐይ ከፍተኛው ቦታ ላይ ስትደርስ የገመዱ ጥላ በትክክል ሰሜንና ደቡብ ያሳያል። በዚያ ላይ ጠመኔ አስምሩ፤ በሌላ ቀንም ይጠቅማችኋል። ግን ልብ በሉ፣ የፀሐይ እኩለ ቀን 6 ሰዓት አይደለም። የአገራችን ሰዓት የተቀመጠው ለ45 ዲግሪ ምሥራቅ ነው። እኛ 39.5 ላይ ስለሆንን በአማካይ 22 ደቂቃ እንዘገያለን። በዚያ ላይ ከወቅት ወቅት ይለያያል፤ ጥቅምት መጨረሻ ላይ 6 ሰዓት ከ6 ገደማ፣ የካቲት መግቢያ ላይ 6 ሰዓት ከ36 ገደማ ይሆናል። በቃል መያዝ አያስፈልግም። ስልካችሁ የፀሐይ መውጫና መግቢያ ሰዓት ይነግራችኋል፤ የሁለቱን መሀል ውሰዱ። ሚያዝያ ላይ ግን ቱንቢው ጥላ አይሰጥም፣ ለምን እንደሆነ ነግሬአችኋለሁ። የሰሜኑ አቅጣጫ ከተገኘ በኋላ ትራይፖዱን በውሃ ልክ አስተካክሉና ዘንጉን 9.7 ላይ አድርጉት።

«ብሳሳትስ?» ካላችሁ፣ ብትሳሳቱም ግድ የለም። ዘንጉ ከትክክለኛው አቅጣጫ 2 ዲግሪ ቢያፈነግጥ፣ ፀሐይ በክፉ ቢባል በአንድ ሰዓት ውስጥ የራሷን ስፋት ያህል ትንሸራተታለች። 5 ዲግሪ ቢያፈነግጥ ያን ያህል ለመንሸራተት ከ20 ደቂቃ በላይ ይፈጅባታል። ያለ ሞተር 2 ደቂቃ ነበር። 40 ልጆች እያንዳንዳቸው 30 ሰከንድ ቢያዩ 20 ደቂቃ ነው። ማለትም በዓይን ግምት ባቆማችሁት ማውንት ሰልፉ እስኪያልቅ አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ ትነኩታላችሁ። ስለ ማውንት የሚጽፉ ሰዎች አብዛኞቹ የሌሊት ፎቶ አንሺዎች ናቸው። የእነሱ ጭንቀት ሌላ ነው። እሱን ተበድራችሁ አትጨነቁ፣ በእሱ ምክንያትም ውድ ዕቃ አትግዙ።

«የፀሐይ ፍጥነት» የሚል ቁልፍ የለውም ብላችሁም አትተዉት። በከዋክብትና በፀሐይ ፍጥነት መካከል ያለው ልዩነት በቀን 1 ዲግሪ ነው። በአንድ ሰዓት ቢሰላ ከፀሐይ ስፋት አንድ አሥራ ሦስተኛ ገደማ ይመጣል። ማንም አያየውም።

ገንዘብ የሚወጣበት ሌላ ነው፤ ትራይፖዱ። እዚህ ከ2,800 ሜትር በላይ ነን፣ ሜዳ ላይ ነን፣ ንፋሱንም ታውቁታላችሁ። ሰዎች ዘመናዊ ማውንት ገዝተው እንደ መቃ የቀጠነ ትራይፖድ ላይ ያስቀምጡታል። ከዚያ ፀሐይ ትንቀጠቀጣለች፣ ጥፋቱም በማውንቱ ይሳበባል። ፈተናው ይኸውና፦ ቱቦውን በጣታችሁ ጠቅ አድርጉና እያያችሁ ቁጠሩ። በ2 ሰከንድ ከረጋ ጥሩ ነው። 5 ከደረሰ ትራይፖዱን ቀይሩ። እስከዚያው እግሮቹን አታስረዝሙ፤ ተቀምጣችሁ እዩ። ጆንያ ውስጥ አሸዋ ሞልታችሁ ከመሀሉ እሰሩ፤ ግን ጆንያው መሬት ይንካ። አየር ላይ ከተንጠለጠለ እሱም አብሮ ይወዛወዛል። «5 ኪሎ ይሸከማል» ሲሏችሁም እናንተ 2 ኪሎ ተኩል አድርጋችሁ ስሙት። አጭርና ቀላል ቱቦ ምረጡ።

አሁን ሁለተኛው ውርደቴ። መጀመሪያ የተዋስኩት ባለኮምፒውተር ማውንት በእጅ መቆጣጠሪያው ቀንና ሰዓት ይጠይቅ ነበር። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። 3 ብዬ አስገባሁ። «ፀሐይ ከአድማስ በታች ናት» የሚል መጣ። ፀሐይ ግን አናቴን እያቃጠለችኝ ነው። ዕቃው ተበላሽቷል ብዬ ግማሽ ሰዓት ብሎኑን ስፈታ ስገጥም ቆየሁ። በኋላ ነው የገባኝ፤ በፈረንጅ ሰዓት 9 ማለት ነበረብኝ። 6 ሰዓት ስህተት 90 ዲግሪ ነው። ቀኑንም በእነሱ አቆጣጠር፣ ወሩን አስቀድማችሁ ወይስ ቀኑን የሚለውን አይታችሁ አስገቡ። ብዙዎቹ ማውንቶች ደግሞ ፀሐይን ከዝርዝራቸው ይደብቋታል። ለዓይን ደኅንነት ሲባል ነው፤ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ መፍቀድ ያስፈልጋል።

ስለ ሰዓቱ ካነሳሁ አይቀር፣ ለማየት ጥሩው ከጠዋቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ነው። መሬቱ ሳይግል አየሩ የረጋ ነው። ሣር ላይ አቁሙ። አስፋልትና ቆርቆሮ ጣሪያ ካለበት ራቁ፤ ከእነሱ የሚነሳው ሙቀት የፀሐይን ጠርዝ እንደሚፈላ ውሃ ያደርገዋል።

አንድ ወላጅ «አንተ ራስህ ዛሬ ብትገዛ የቱን ትገዛለህ?» አሉኝ። ለፀሐይ ብቻ ከሆነ ሁለተኛውን፣ ተኝቶ የሚሠራውን። ምክንያቱም ሞኝ ነው። ቀን አይጠይቅ፣ ሰዓት አይጠይቅ፣ ስልክ አይፈልግ። ሚያዝያ ቀትር ላይም አይደናገርም። ጠዋት አንዴ ፀሐይ ላይ ካነጣጠራችሁት ቀኑን ሙሉ በአንድ ዘንግ ብቻ ይከተላታል። ማታ ደግሞ ልጆቹን ሳተርንን፣ ጁፒተርን እያፈላለግሁ ላሳይበት የሚል ሰው ግን የመጀመሪያውን ይግዛ። የቀትሩን አንድ ሰዓት ይሰዋ እንጂ ብዙ ያተርፋል። ገንዘቡ ከሁለቱም ካልደረሰ? በእጅ እየተዘወረ የሚከተለውን ገዝታችሁ አንድ ንቁ ተማሪ አጠገቡ አቁሙ። በየደቂቃው ትንሽ ይዘውራል። እኔ ያን ቀን ያጣሁት እሱን ነበር።

ይህች ከተማ ስሟን ያገኘችው ሰማይን ቀና ብሎ ከማየት ነው። ዓፄ ዘርዓ ያዕቆብ እዚህ ሳሉ በሰማይ ላይ ብርሃን ታይቶ ነው ይባላል። አንዳንድ የታሪክ ሰዎች በ1456 እ.ኤ.አ. ከታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ጋር ያገናኙታል። ለእኛም የሚመጣ አለ። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ትልቅ የፀሐይ ግርዶሽ አለ። ሉክሰር ግብፅ ላይ ከ6 ደቂቃ በላይ ሙሉ በሙሉ ትሸፈናለች። እኛ ጋ በከፊል ነው የሚታየው። ሐምሌ ስለሆነ ደጋው በደመና ይዋጥ ይሆናል፤ ወደ ቆላው መውረድ ሳያስፈልግ አይቀርም። ግርዶሹ ከእኩለ ቀን ብዙ ሳይርቅ ስለሆነ ፀሐይ ወደ አናት የተጠጋች ናት፣ ያውም በሰሜን በኩል። ማውንታችሁን ከአሁኑ በቀትር ፀሐይ ተለማመዱበት።

ጎረቤቴ አንዲት እናት አሉ። ባለፈው ግቢዬ ውስጥ ሳቆመው «ፀሐይን ልትጠብቅ ነው የተቀመጥክ?» ብለው ሳቁብኝ። ኑ እዩ አልኳቸው። ነጠላቸውን ከራሳቸው ላይ አውርደው ዓይናቸውንም ቴሌስኮፑንም አንድ ላይ ሸፈኑበት። ብልሃቱን ከእሳቸው ነው የወሰድኩት፤ በውስጡ ጨለማ ስለሚሆን ፀሐይዋ ጥርት ትላለች። ያን ቀን አራት ጥቁር ነጥቦች ነበሩ። ትልቋ ከምድር ትሰፋ ነበር። ብዙ ቆዩ። ማውንቱ እየተከተለ ስለሆነ ማንም አላስቸኮላቸውም። ከዚያ ቀና ብለው «አይ፣ ፀሐይም ማድያት አለባት እንዴ!» አሉ።

ጊዜው ደርሷል፤ 3 ሰዓት ተኩል ሆኗል፣ ሣሩም ጤዛውን አራግፏል። እንውጣ። ጠዋት ስመጣ ሜዳው ላይ የትናንቱን የጠመኔ መስመር አይቼዋለሁ፣ አልጠፋም። ጋቢ ያላችሁ ወደ ፊት ቅደሙ። ውሃ ልኩን ማን ይይዝልኛል?